የሚኒ ሚዲያው መስመር፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 9

ትምህርት ቤታችን ከጎንደር መሀል ከተማ ወጣ ብሎ በአዘዞ በኩል የሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሁለት ፈረቃ ያስተምራል። የክበባቱ ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲነበብ ደስ ይላል፤ የሥነ ዜጋ፣ የተፈጥሮ ጥበቃ፣ የቀይ መስቀል፣ የሥርዓተ ጾታ፣ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ የሒሳብ፣ የስፖርት፣ የፀረ ኤች አይ ቪ። ሁሉም ጥቅምት ላይ አባል ይመዘግባሉ፣ ዕቅድ ያስገባሉ፤ ከዚያ ወዲያ አብዛኞቹ የሚታወሱት ሰኔ ላይ ሪፖርት ሲጻፍ ነው። ነገሩ ስንፍና ብቻ አይደለም። ክበብ ከተማሪው ጋር የሚነጋገረው በሚኒ ሚዲያ ነው፤ የእኛ ሚኒ ሚዲያ ደግሞ ከባንዲራው ሜዳ አልፎ አይሰማም።

ፊዚክስ ስለማስተምር ዘንድሮ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ ተደርጌያለሁ። ርእሰ መምህሩ የሰጡኝ መመሪያ ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፤ "ድምፁን ከፍ አድርግልን።"

ዛሬ ከልጆቹ ጋር ያለንን ንብረት አየን። አንድ የህንድ ሥሪት አምፕሊፋየር አለ፣ 120 ዋት ይላል። ልጆቹ ጡሩምባ የሚሏቸው አራት አፈ ሰፊ ድምፅ ማጉያዎች አሉ፤ አራቱም አስተዳደር ሕንፃው ጣሪያ ላይ ተኮልኩለው ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። አንገቱ በናስትሮ የተጠመጠመ አንድ ማይክሮፎን አለ። የተማሪ ክፍሎቹ ግን ቁልቁል ተዘርግተው፣ የመጨረሻው የ9ኛ ክፍል ብሎክ አጥሩን ተጠግቶ ይገኛል። ከአምፕሊፋየሩ እስከዚያ ገመድ በሚያልፍበት መንገድ ስንለካ 200 ሜትር ሆነ።

ምን ያህል እንደሚሰማ ለማወቅ "ይሰማል?" እያሉ መጮህ አያዋጣም፤ ሁሉም "ይሰማል" ይላል። ቃል ጽሕፈት አደረግነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ በፊት ማንም ያላየውን ጽሑፍ ማይክሮፎኑ ላይ አነበበች፤ የቀሩት በየብሎኩ በረንዳ ደብተር ይዘው የሰሙትን ጻፉ። ጣሪያው ሥር የቆሙት ጆሮአቸውን በአንድ እጅ ደፍነውም ሙሉውን ጽፈዋል። ከአጥሩ ጥግ የመጣው ደብተር ግን ግማሹ ባዶ ነው። "የፈተና ሰዓት ተለውጧል" የሚለውን አንዱ "የፈተና መዓት ተለውጧል" ብሎ ጽፎታል። ልጆቹ ስሕተት አይደለም ብለው ተከራከሩ።

ደብተሮቹ ተሰብስበው ቢሮዬ ተቀምጠዋል። ሥራው ሲያልቅ ይኸው ፈተና ይደገማል።

ጥቅምት 16

ጡሩምባዎቹን አወረድን። መሰላሉን የግቢው ጥበቃ ይዘውልን፣ "ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ግራ" እየተባሉ ግማሽ ቀን ቆሙልን። አንዱ ውስጥ ተርብ ቤት ሠርቶበታል፤ ደግነቱ ተርቦቹ ለቀዋል። ሌላው በቴስተር ሲለካ ምንም አላሳየም፤ ጠምዛዛው ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው። የጀርባውን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትተን የሚርገበገበውን ስስ ሽፋን ከነሽቦው አወጣነው። ፒያሳ አካባቢ ካሉት የሬዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ልኩ ተገኝቶ ተተካ።

ጡሩምባው ላይ የተጻፈው 16 ኦም ሆኖ ቴስተሩ 13 ገደማ ሲያሳይ አንድ ልጅ "ተበላሽቷል" አለ። አልተበላሸም። ቴስተሩ የሚለካው በማይዋዥቅ የባትሪ ጅረት የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ነው፤ 16 የሚለው ቁጥር ግን ድምፅ ሲያልፍ፣ ማለትም ጅረቱ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ የሚኖረውን ይነግረናል። መጽሐፉ ላይ ደረቅ የነበረው ምዕራፍ እዚህ ጋር ነፍስ ዘራ። የጠዋት ፈረቃ ልጆች ምሳ ሳይበሉ የከሰዓቱ ፈረቃ እስኪገባ ቆዩ።

ጥቅምት 23

ዛሬ ሥራው ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነበር፤ ከሁሉም ቀን የበለጠ ግን ዛሬ ተሠርቷል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ጡሩምባዎቹን ከጣሪያው አውርደን ወደየብሎኩ ብንወስዳቸው ምን ይሆናል? ያለን ገመድ ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። 200 ሜትር ሄዶ 200 ሜትር ሲመለስ 400 ሜትር መዳብ ይሆናል፤ ተቃውሞው 9.3 ኦም ገደማ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ባለ 16 ኦም ጡሩምባ ብንሰቅል ከኃይሉ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ገመዱ ይበላዋል። አራቱንም ጎን ለጎን አገናኝተን እዚያ ብናደርጋቸው ድምሩ 4 ኦም ስለሚሆን 70 በመቶው ገመድ ሲያሞቅ ይቀራል። ቀድሞ የሠሩት ሰዎች ሁሉንም ጣሪያ ላይ የኮለኮሉት ይህን ሽሽት ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሔው አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ሲጠብቅ የኖረ ነው። ከ4፣ 8 እና 16 ኦም ማሰሪያዎች ቀጥሎ 100 ቮልት የሚል አለ፤ ማንም ነክቶት ስለማያውቅ ብሎኑ እንዳዲስ ያበራል። በዚህ ማሰሪያ ድምፁ በከፍተኛ ቮልትና በትንሽ ጅረት ይጓዛል፣ ጅረቱ ሲያንስ ገመዱ የሚበላውም ያንሳልና፤ እያንዳንዱ ጡሩምባ ዘንድ ሲደርስ ትንሽ ትራንስፎርመር ቮልቱን ዝቅ አድርጎ ያስረክበዋል። እያንዳንዱን 15 ዋት ላይ ብናስር አራቱ 60 ዋት ይሆናሉ፤ ጅረቱ 0.6 አምፔር ብቻ፣ ገመዱ የሚበላው ደግሞ 5 በመቶ ያህል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚመጣው የኤሌክትሪክ መስመር 230 ኪሎ ቮልት የሚሸከመው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ስነግራቸው አንዷ በመስኮት ወደ ውጭ ዐይታ፣ "እና እኛ ትንሽዬ መብራት ኃይል ልንሆን ነው?" አለች። መብራት እንዳናጠፋ እንጂ ነውር የለውም አልኳት።

ርእሰ መምህሩ ገብተው ሰሌዳውን አዩ። "120 ዋት እያለህ 60 ብቻ? ድምፁን ከፍ አድርግልን አልኩህ እኮ።"

ለእሳቸው የሰጠሁትን መልስ እዚህ ልጻፈው፤ የዚህ ሥራ እምብርት ነውና። የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ ብናደርገው ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን በጭንቅ ያውቀዋል። ርቀቱን በግማሽ ብንቀንሰው ግን 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ኃይሉን አራት እጥፍ የማድረግ ያህል ነው። ጡሩምባው ከአድማጩ 200 ሜትር ርቆ የነበረ 25 ሜትር ላይ ቢሰቀል፣ ርቀቱ ሦስት ጊዜ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ኃይሉን 64 ጊዜ የማባዛት ያህል ነው። 64 እጥፍ አምፕሊፋየር የሚገዛ በጀት ያለው ትምህርት ቤት አላውቅም። መጮህ ሳይሆን መጠጋት ነው የሚያስፈልገን። ርእሰ መምህሩ ትንሽ ዝም ብለው፣ "ገመዱ ስንት ሜትር ይጎድላል?" ሲሉ ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ። ለጎደለው ገመድና ለትራንስፎርመሮቹ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ጋር እነጋገራለሁ ብለዋል።

ኅዳር 7

ገመድና ትራንስፎርመር ተገዛ። ዝርጋታው ተጀመረ። በጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ትራፓኖ ተውሰን፣ በፊሸርና በብሎን። ልጆቹን ሁለት ነገር አስምያቸዋለሁ፤ አምፕሊፋየሩ ሳይጠፋ መስመሩን ማንም አይነካም፤ መገጣጠሚያ ሁሉ በሳጥን ውስጥ ይሆናል እንጂ ናስትሮ ተጠምጥሞበት በአየር ላይ አይንጠለጠልም። ድምፅ ነው ተብሎ ይናቃል እንጂ 100 ቮልት ሰው ይመታል።

ኅዳር 14

ከትናንት በስቲያ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ስላጨሰ የግቢው አየር ገና አልጠራም፤ መሰላል ላይ የወጣ ሁሉ እየሳለ ነው የወረደው።

ሦስት ጡሩምባ በየቦታው ተሰቅሏል። አፋቸው ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ብሏል፤ ክረምት ላይ ውኃ እንዳያቁሩ። አራተኛውን አጥሩ ጋ ባለው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ስናስር ከአጥሩ ማዶ አንዲት እናት ወጡ። "ልጆቼ፣ ይህን ነገር ወደ እኔ ቤት ነው የምታዞሩት? አራስ አለችብኝ።" "እትዬ፣ ጀርባውን ነው የምንሰጠዎት" አልናቸው። አላመኑንም። ድምፅ አስለቅቀን አጥሩ ጋ ቆመው እንዲሰሙ አደረግን፤ ከፊቱ ጋር ሲነጻጸር ከጀርባው የሚወጣው ጥቂት ነው። "እንዲህ ከሆነ ይሁን" ብለው ገቡ። ከተማ ዳር ያለ ትምህርት ቤት ዓመት በዓመት ቤቶች እየተጠጉት ይሄዳሉ፤ ጎረቤትን ያላሰበ ሚኒ ሚዲያ በአንድ አቤቱታ ይዘጋል።

ከሰዓት አዲስ ጣጣ መጣ። ሁለት ጡሩምባዎች ፊት ለፊት ሲተያዩ መሀል ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ይሰማል። ከአንደኛው 20፣ ከሌላኛው 120 ሜትር የራቀ ተማሪ ሁለተኛው ድምፅ 0.3 ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ "ሰንደቅ" የሚለው ቃል ራሱን ይረግጣል። አንድ ልጅ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድምፅ እዚህ ፈጣን ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለድምፅ ፍጥነት የሚቆጠረው የአየሩ ሙቀት ነው፤ 20 ዲግሪ ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፣ ተራራ ላይም ሜዳ ላይም። መድኃኒቱ አንዱን አዙረን ጀርባ ለጀርባ ማድረግና እያንዳንዱን ለራሱ ብሎክ ብቻ በሚበቃ ድምፅ መልቀቅ ሆነ።

ኅዳር 21

ለአራቱ መስመሮች አራት ማብሪያ ማጥፊያ በአንድ ሳንቃ ላይ ተገጠመ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የፈረቃው ተማሪ ሁሉ ባንዲራው ሜዳ ስለሚሰለፍ የሜዳው ብቻ ይበራል። በእረፍት ሰዓት ሁሉም ይበራሉ። 12ኛ ክፍሎች ሞዴል ፈተና ላይ ሲሆኑ የእነሱ ብሎክ ይጠፋል። ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ ሁሉንም ወይም ምንም ነበር የሚለው።

የማይክሮፎኑም ፉጨት ተወገደ። ተናጋሪው ከጡሩምባው ፊት ቆሞ ነበር የሚናገረው፤ ማይክሮፎኑ የራሱን ድምፅ መልሶ እየዋጠ ሲያፏጭ ሁሉም የሚረግመው አምፕሊፋየሩን ነበር። አሁን ጡሩምባው ከተናጋሪው ፊት ሆኖ ወደ ሰልፉ ያያል፣ ማይክሮፎኑ ከኋላው ነው።

ኅዳር 29

የብሔር ብሔረሰቦች ቀን። በዓሉ ሲጀመር መብራት ሄደ።

ተዘጋጅተን ነበር። አምፕሊፋየሩ 12 ቮልት መግቢያ ስላለው ባለ 70 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ከጎኑ አለ። ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል እንኳ በሙሉ ድምፅ ከሦስት ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ ንግግር ደግሞ በየመሀሉ እረፍት ስላለው ከዚያም በላይ። ሥነ ሥርዓቱ አልተቋረጠም። ባትሪውን ቁም ሣጥን ውስጥ እንቆልፍበት የሚል ሐሳብ ከንብረት ክፍል መጥቶ ነበር፤ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ ከመስኮቱ ሥር በፍርግርግ ሳጥን ይቀመጣል ብለን ተስማማን።

ጭፈራው ላይ አንድ የታየ ነገር አለ። ማሲንቆው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከበሮው ግን ጣውላ የሚመታ መሰለ። ጡሩምባ ወፍራም ድምፅ አይችልም፤ የተሠራው ለሰው ንግግር ነው። የሙዚቃ ልጆች ትልቅ ሞንታርቦ ይገዛልን ማለት ጀምረዋል። ማሲንቆ ተጫዋቹ ብቻ ምንም አላለም።

ታኅሣሥ 12

ስቱዲዮ የምንላት ክፍል ሁለት እርምጃ በሦስት እርምጃ የሆነች የድሮ ዕቃ ቤት ናት። ልጆቹ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ለመለበጥ ከየሱቁ መሰብሰብ ጀምረው ነበር። በየትምህርት ቤቱ የሚታይ ልማድ ነው፤ እኔ አላምንበትም። ስስ ካርቶን የሚይዘው በጣም ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፤ የክፍሉን ጉምጉምታ አይነካውም፣ እሳት ግን በደንብ ይይዛል። አሮጌ ምንጣፍና የተጣለ ፍራሽ ከግድግዳው ትንሽ አራቅ አድርገን ሰቀልን። አስቀያሚ ነው፤ ይሠራል።

የቆርቆሮው ጣሪያ ግን አሸንፎናል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይንጣጣል፤ አውሮፕላን አዘዞ ማረፊያው ሊያርፍ ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። ተራኪዎቹ ዘዴ አበጁ፤ ድምፁ ሲመጣ ዐረፍተ ነገራቸውን ጨርሰው ይጠብቃሉ፣ ሲያልፍ ይቀጥላሉ። አድማጩም ለመደው።

ታኅሣሥ 19

ሽቦው አልቆ የሰው ሥራ ገባ፤ ይህኛው ይከብዳል።

የእረፍቱ 20 ደቂቃ ለማን ይሰጥ? እያንዳንዱ ክበብ ዕለት ዕለት ይፈልጋል። ለአምስቱ ቀን አምስት ተራ ወጣ፣ ትናንሾቹ ክበቦች ይጋራሉ። አንድ ደንብ ብቻ እኔ ጨመርኩ፤ ከስልክ ላይ ተገልብጦ የሚነበብ ጽሑፍ አይተላለፍም፣ እያንዳንዱ ዝግጅት ከዚህ ግቢ የተገኘ ቢያንስ አንድ ነገር ይኑረው። ደንቡ ጩኸት አስነሣ። "የጤና መልእክት ከየት እናምጣ?" አሉ ፀረ ኤች አይ ቪዎቹ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የምትጠይቁትን ጥያቄ መጀመሪያ ከክፍል ሰብስቡ ተባሉ። የመጡት ጥያቄዎች ከማንኛውም በራሪ ወረቀት የተሻሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹን ማይክሮፎን ላይ ለማንበብ ግን ድፍረት ይጠይቃል።

የተፈጥሮ ጥበቃዎቹ ክረምት ላይ የተተከሉትን ችግኞች በየረድፉ ቆጥረው የደረቁትንና የጸደቁትን፣ ረድፉ የየትኛው ክፍል እንደሆነም ጭምር አነበቡ። በማግስቱ ከቀድሞው በላይ ጆግ የያዘ ተማሪ ቧንቧው ጋ ታየ። የሥርዓተ ጾታ ክበብ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ እንደሌለው ተናገረ፤ ነገሩ ለዓመታት በቃለ ጉባኤ ሲንከባለል የኖረ ነው። በዚያው ሳምንት ተገጠመ። የሒሳብ ክበብ ሰኞ እንቆቅልሽ ሰጥቶ መልሱን ዓርብ ይናገራል፤ ሰኞን የሚጠብቁ መምህራንም ብዙ ናቸው።

ንባብም ይሠለጠናል። ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር፤ "በ" እና "ፐ" ነፋስ ስለሚተፉ አፍን ትንሽ ወደ ጎን። ከልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል ያደገ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ልጅ አለ፤ እሱ ያለ ማይክሮፎንም 9ኛ ክፍል ብሎክ ይደርሳል። ከበር ላይ ቆመህ አንብብ ብለነዋል።

ጥር 17

ጥምቀት አልፎ ተመለስን። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ የትምህርት ቤት ሥራ እሠራለሁ የሚል የለም፤ ልጆቹም ታቦት አጅበው ቀሃ ወርደው፣ እንግዳ ተቀብለው፣ ድምፃቸው ሰልሎ መጥተዋል። ቀጥሎ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ስለሆነ ሚኒ ሚዲያው የሚናገረው ሰዓት ብቻ ነው። መዓት ሳይሆን።

የካቲት 14

የክፍል ለክፍል እግር ኳስ ውድድር ተጀምሯል፤ ሚኒ ሚዲያውን እንደዚህ ያስወደደው ሌላ ነገር የለም። ረጅም ገመድ ሜዳው ዳር ወስደን ሁለት ልጆች ጨዋታውን በቀጥታ ያስተላልፋሉ። አንዷ 10ኛ ክፍል ናት፤ የተጫዋቾቹን ስም፣ የአለፈውን ጨዋታ ውጤት፣ ማን በየትኛው እግሩ እንደሚመታ በደብተር ይዛ ትመጣለች። ሌላው የፋሲል ከነማ ደጋፊ ነው፤ ጥሩ ኳስ በታየ ቁጥር ወደ ዐፄዎቹ 2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ታሪክ ይሸሻል። እሷ "ወደ ሜዳችን እንመለስ" እያለች ትጎትተዋለች። ቅብብሉ ከጨዋታው ይበልጣል።

የካቲት 24

ትናንት የዓድዋ በዓል ነበር። የ1888ቱን ድል አስመልክቶ ልጆቹ ያዘጋጁት ትረካ በዋዜማው፣ በእረፍት ሰዓት ነበር የተላለፈው። እኔ ቃል ጽሕፈቱን ለመድገም የመረጥኩት ይህን ትረካ ነው፤ ማንም አስቀድሞ አላየውም፣ ስምና ዓመት የበዛበት ስለሆነም ለጆሮ ቀላል አይደለም። በየብሎኩ ደብተር የያዙ ልጆች ቆሙ።

ዛሬ ደብተሮቹን ከጥቅምቶቹ ጎን ዘረጋን። የአጥሩ ጥግ ደብተር ሞልቷል። የጎደሉት ጥቂት ቃላት አውሮፕላን ባለፈበት ቦታ ላይ ናቸው። የአስተዳደር ሕንፃው ሥር ደግሞ ጆሮውን የደፈነ የለም። አምፕሊፋየሩ ከግማሽ በታች ነው የሚሠራው። ርእሰ መምህሩ ሁለቱን ደብተሮች አገላብጠው ዐዩና፣ "ለስብሰባ አዳራሹም አንድ ይጨመርበት" አሉ። መስመሩ 60 ዋት ተሸክሟል፤ አንድ ተጨማሪ 15 ዋት ያለ ችግር ይይዛል።

የቀረው የልጆቹ ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ስለሆነ፣ 12ኛ የገባ ተማሪ ክበብ ላይ ይቆያል ብዬ አልጠብቅም። ጡሩምባ መፍታትና መስመር መለካት የሚችሉት አብዛኞቹ ዘንድሮ 11ኛ ናቸው። ስለዚህ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ካቻቢቴውን የሚይዙት 9ኛ ክፍሎች ይሆናሉ፤ 11ኛዎቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በቃል ብቻ ያሳያሉ። የአዳራሹን ጡሩምባ የሚሰቅሉትም 9ኛ ክፍሎቹ ናቸው። የመስመሩ ንድፍ፣ የገመዶቹ ቀለም ትርጉምና የየጡሩምባው ዋት በአንድ ወረቀት ተጽፎ የአምፕሊፋየሩ ክዳን ውስጥ ተለጥፏል፤ ሁለት መለዋወጫ ፊውዝም በፖስታ አብሮት አለ።